የታችኛው ማኒኮቶ

ከዴራ ወዲያ ነው፣ ኢተያ ሳይታይ፣
ዳገቱ ሲጀምር፣ አየሩ ሲለይ፣
መርፌዋ ትነሣለች፤
ቀስ ብላ፣ ከሸንጎ መሐል እንደሚነሣ ቅያሜ ያለው ሰው፣
ቀዩን ትነካለች።
"ደግሞ ጀመራት!" ይላል ከኋላዬ አንዱ፣
እኔ ጥግ ስይዝ፣ ከነዶሯቸው ሲወርዱ።
ኮፈኑን ስከፍት፣ እንፋሎቱ ፊቴን ሲቀበለው፣
ዲኤክሷ ስታፏጭ፣
መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ነው።

ሁለት ጀሪካን ውሃ ከኋላ ጭኜ
ሰባት ወር ነዳሁ፣ ግማሽ ሹፌር፣ ግማሽ ውሃ ቀጂ ሆኜ።

"ሽጣት" ይላል ወንድሜ፣ ስልክ በደወለ ቁጥር፤
"ሽጣትና ባጃጅ ግዛ፣ ምን ራዲያተር አላት፣ ምን ችግር!"
ሰላምታው ሁሉ "ሽጣት" ሆነና
አንድ ቀን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት፤ አልደወልኩም ገና።
እሷም ፈላች፣ እኔም ፈላሁ።
ማን ቀድሞ ይብረድ?

አዳማ፣ ከአሰላ መውጫ ወዲህ፣ አንድ ጋራዥ አለ፤
ቆርቆሮው ጥላ ነው ካልን፣ ጥላ የተባለ።
ንፋሱ አቧራ ይዞ ይገባል፣ ዕቃ እንደሚመልስ ጎረቤት፤
ቀትሩ ከሞተሩ ይብሳል፣ መርፌ የለው እንጂ የሚያዩበት።

አንዱ "ቴርሞስታት ነው" አለና ነቅሎ ጣለው፤
ባለፈው ወር ሌላ ሰው፣ እሱኑ "የለም" ብሎ፣
ገዝቶ ነበር የገጠመው።
ሁለተኛው ዘይቱን በጣቱ አሸ፣ አሸተተ፣
"ጓርኒሲዮን ነው፤ ቴስታታው ይውረድ" ብሎ ፈረደ።
ዋጋውን ነገረኝ።
ዋጋውም መርፌ ቢኖረው ቀዩን ያልፍ ነበር።

ጋሽ ሁንዴሳ ብቻ፣ ሣጥን ላይ እንደተቀመጠ፣
"መጀመሪያ ትብረድ" አለ፣ ሌላም ቃል አልሰጠ።
ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ እስከ አንጓው፣
አንድ የድሮ ክዳን ሳይበርድ ተከፍቶ
የጻፈበት አለ። አነበብኩት።
ጠበቅን።

ሰዓት አለፈ። ውሃው ተሞላ፣ ሞተሩ ተነሣ፤
ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ መርፌዋ ግማሽ ላይ፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ ሳትረሳ።
ቆማ ጤነኛ፣ ስትሄድ በሽተኛ!
ዳገቱን ጋራዥ ድረስ ማን ጠርቶ ያመጣዋል ለምስክርነት?

ሲፈን ከሥር ነበረች፤
ሁለት ወሯ ነው፣ ቁልፍ ታቀብላለች፣
የቱታዋ እግር ሦስቴ ተጠቅልሎ።
የገባችው ለምርመራ አይደለም፤
የወደቀ የአሥራ ሁለት ቁልፍ ፍለጋ ነው።
"ነዳጅ ስጥ" አሉኝ፣ ረገጥኩ።
"እንደገና!" አለች ከታች።
ማን እንዳዘዘኝ ሳላስብ ረገጥኩ።
"ልቀቀው! … ርገጠው! …
ማኒኮቶው! የታችኛው!
ስትረግጥ ይዘጋል፣ ምራቅ እንደሚውጥ ጉሮሮ፤
ስትለቅ ይከፈታል!"

አራት ራስ ባንድ ጊዜ ጎነበሰ፤
የአንዱ ግንባር ከሌላው ደረሰ።

ከላይ ሲያዩት ጥቁር ነው፣ ደህና ጎማ መሳይ፤
ውስጡ ያቆመው ሽቦ ግን ዝጎ ረግፏል፣ ለማንም ሳይታይ።
ፖምፓው ሲስብ እሱ ይከዳል፤
በጣቴ ተጫንኩት፤ እንደ ጆሮ ለስልሷል።

"እኔም እሱን ልል ነበር" አለ ባለ ቴስታታው።
መልስ የሰጠ የለም።
ጋሽ ሁንዴሳ ካቻቢቴውን አነሣ፣ ለአፍታ መዘነው፣
"አንቺ ፍቺው" አላት፤
እሷም እጇን ቱታዋ ላይ ሁለቴ ጠርጋ ተቀበለችው።

አንድ ማኒኮቶ። ሁለት ፋሼታ።
የእጅ ዋጋ፣ የለስላሳ። በቃ።

በማግስቱ ዴራን አለፍን፤ ግማሽ።
ዳገቱን ጀመርን፤ ግማሽ።
ጀሪካኖቹ አሁንም ከኋላ ናቸው፣ ባዶ ማድረጉ አልሆነልኝም።
ወንድሜን ላስበው ጀመርኩ፤ ኢተያ ስደርስ እደውላለሁ፣
ወይ አሰላ፤
ወይ ስመለስ።
ትብረድ ተብሏል፣ ምን ያስቸኩላል?

"ሹፌር፣ ሰዓቱ ስንት ደረሰ?"
"ግማሽ" አልኩ።
"የስንት ግማሽ?"
ዓይኔን ከመርፌዋ አላነሣሁም።